አምባሰል የሚፈትነው ማንዶሊን፦ ባለ ሞላላ ቀዳዳዎቹን ስንመዝናቸው

ውድ ማንዶሊን የሚሸጡ ሰዎች መሣሪያውን የሚያሳዩት ብዙ ጊዜ በአሜሪካ ብሉግራስ ምት ነው፦ አራቱም ጥንድ ክር በአንዴ ተመቶ ወዲያው የሚታፈን፣ እንደ ከበሮ "ቸክ" የሚል ኮርድ። ለዚያ ሥራ የተሰናዳው እንደ ቫዮሊን ሁለት የኤፍ ቀዳዳ ያለው ማንዶሊን ነው። ደሴ ተቀምጦ ትዝታና አምባሰል ሊጫወትበት የሚገዛ ሰው በዚያ ፈተና ከመረጠ ግን ገንዘቡን የከፈለው ለሌላ ሰው ሙዚቃ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንመዝናቸው ባለ ሞላላ ቀዳዳዎቹን ብቻ ነው፦ አሮጌዎቹን ጊብሰኖች፣ የኮሊንግስን ኤምቲ ኦ እና የኢስትማንን ኤምዲ 504 እና 514። ሚዛኑም የወሎ ቅኝት ነው።

የሁለቱ ዓይነቶች ልዩነት ከቀዳዳው ቅርፅ ብቻ አይመጣም። የኤፍ ቀዳዳው አንገት ረጅም ነው፤ ከአካሉ ጋር የሚገናኘው 15ኛው ፍሬት ላይ ነው (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት ነው)። ከፊት ገበታው ሥር ደግሞ በቁመት የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን የእንጨት ድጋፎች ተለጥፈዋል። ድምፁ ፈጥኖ ይወጣል፣ ርቆ ይሰማል፣ ቶሎ ይከስማል። በጥንቱ የሞላላ ቀዳዳ አሠራር አንገቱ አጭር ነው፤ 12ኛው ፍሬት አካባቢ ያልቃል። ብሪጁ፣ ማለትም ክራር ተጫዋች በርኩማ የሚለው፣ ከቀዳዳው በታች ባለው ሰፊ የገበታ ክፍል ላይ ያርፋል። ድጋፉም ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ በአግድም የተለጠፈ አንድ ዘንግ ነው። ከዚህ የሚወጣው ድምፅ ክብ ነው፣ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ጠለቅ ይላል፣ ከተመታ በኋላም ይቆያል። በሁለት ሐረግ መካከል ትንፋሽ ለሚወስድ ዘፈን ይህ ቆይታ ዋና ነገር ነው። የማንዶሊን ተጫዋቹን አየለ ማሞን የሰማ ጆሮ ማንዶሊን ለእኛ ዜማ እንደሚሆን ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ጥያቄው የትኛው ማንዶሊን ነው የሚለው ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ማንዶሊን ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብሎ ይቃኛል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ጥንድ ክር አለው፣ ባጠቃላይ 8። አምባሰልን ከሬ ጀምሩ፦ የሬን ጥንድ ባዶውን፣ ከዚያ 1ኛውን፣ ከዚያ 5ኛውን ፍሬት። ወደ ላ ጥንድ እለፉና ያንኑ ድገሙ፦ ባዶ፣ 1ኛ፣ 5ኛ። ጣት ቦታውን ሳይቀይር አምባሰል ሙሉ ወጣ። ባቲም እንዲሁ ይታዘዛል፤ በሁለቱም ጥንድ ላይ ባዶ፣ 4ኛ፣ 5ኛ። ጥንዶቹ በአምስት አምስት ድምፅ ተራርቀው መቃኘታቸውና የሁለቱ ቅኝቶች ታችና ላይ እኩሌታ አንድ ዓይነት መሆኑ ገጥመው የተገኘ ነገር ነው። ትዝታ ትንሽ ይለያል፦ ሬ ላይ ባዶ፣ 2ኛ፣ 4ኛ፤ ላ ላይ ባዶ፣ 2ኛ፣ ከዚያ 5ኛው ላይ ስምንተኛዋን ይዘጋል።

መሣሪያውን የሚያጋልጠው የአምባሰል ሁለተኛ ድምፅ ነው፤ ያ 1ኛ ፍሬት። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹን የሚይዘው የአጥንት ቁራጭ ላይ ያሉት ቦዮች ጥልቀት ካነሳቸው፣ ክሩ 1ኛው ፍሬት ላይ ሲጫን ከሚገባው በላይ ይወጠራል፤ ድምፁም ይሾላል። ወደ መሐል አንገት ሲኬድ ይህ ጥፋት ይጠፋል፤ ስለዚህ 5ኛው ላይ የሚጫወት ሰው ላያውቀው ይችላል። አምባሰል ግን በየሐረጉ 1ኛው ፍሬት ላይ ነው የሚውለው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ክሩን 2ኛውና 3ኛው ፍሬት መካከል ተጭናችሁ 1ኛው ፍሬት ላይ የሚቀረውን ክፍተት እዩ። ስስ ወረቀት እንደ ምንም የሚያልፍበት ያህል ከሆነ ደህና ነው። በዚያ ላይ የስልክ መቃኛ ክፈቱ፤ ባዶውን ክር ልክ አድርጋችሁ ቃኙና 1ኛውን ያዙ። መርፌው ከ5 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) በላይ ወደ ሹሉ ከሸሸ ቦዩ መጠለቅ አለበት። በክሩ ውፍረት ልክ በሆነ ቀጭን ሞረድ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ አብዝቶ የሞረደ ሰው ባዶው ክር ዝዝ የሚል ማንዶሊን ይቀረዋል፣ አጥንቱም መለወጥ አለበት። ለዚህ ስህተት ሲባል ጥሩ መሣሪያ አይጣልም፤ ዋጋ ግን ይቀነስበታል።

አንቺ ሆዬ ሌላውን ፊት ታሳያለች። ከሬ ስትጀመር ባዶ፣ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ፣ ከዚያ የላ ጥንድ 2ኛ ፍሬት ናት። አምስተኛ ድምፅ የላትም፤ ባዶው ላ ከቅኝቱ ውጭ ነው። ችግሩ ባዶው ላ ሳይመታም መዘመሩ ነው፤ ሬ በተመታ ቁጥር አብሮ ይነዝራል። 6ኛው ፍሬት ላይ ስትደርሱ ያ የቆየ ላ በግማሽ ድምፅ ይጋጫል። በኤፍ ቀዳዳው ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት ብዙም አይሰማም፤ በጥሩ ሞላላ ቀዳዳ ግን ጎልቶ ይመጣል። ይህን እንደ መሣሪያው ጉድለት አትቁጠሩት። ሬን የያዘው የግራ እጅ ጣት ጎኑ የላን ጥንድ በስሱ እየነካ እንዲያፍነው ማለማመድ ነው። እንዲያውም ሻጭ ፊት አንቺ ሆዬን ስትጫወቱ ይህ ግጭት በጭራሽ ካልተሰማችሁ፣ ወይ እጃችሁ የሠለጠነ ነው ወይ መሣሪያው ደንቆሮ ነው።

ከዚያ በኋላ በሶልና በሬ ጥንድ ላይ ከባዶው እስከ 12ኛው ፍሬት አንድ በአንድ፣ በእኩል ኃይል ምቱ። አንዲት ድምፅ ከጎረቤቶቿ ተለይታ ቶሎ የምትሞት ከሆነ ልብ በሉ። ጥንዱ ባዶውን ሲመታ አንድ ሆኖ 12ኛው ላይ የሚለያይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ክር ለውጡ፤ ዛገ ያለ ክር ብዙ ደህና ማንዶሊን ሐሜት ላይ ጥሏል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። ገበታን እንደ ቫዮሊን ከወፍራም እንጨት ፈልፍሎ ማንዶሊን መሥራትን ያስፋፋው ኦርቪል ጊብሰን ነው፤ የፈጠራ ማረጋገጫውን ያገኘው በ1898 ሲሆን፣ በስሙ የተጠራው ኩባንያ በ1902 በሚሺጋን ካላማዙ ተመሠረተ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ባለ ኤፍ ቀዳዳው ኤፍ 5 በ1922 እስኪወጣ ድረስ የቤቱ ቁንጮ ኤፍ 4 ነበር፤ ሞላላ ቀዳዳ ያለው፣ ትከሻው ላይ ጥምዝ ያለበት። ጥምዙ ማንጠልጠያ ማሰሪያ ይሆናል እንጂ ለድምፁ የሚጨምረው የለም፤ ዋጋውን ግን ያንረዋል። የጠብታ ቅርፅ ያላቸው የኤ ዓይነቶች ውስጣቸው ያው ሆኖ በጣም ይረክሳሉ። ብር የሚቆጥር ሰው ኤፍ 4ን አድንቆ ኤን መግዛት ይችላል።

ከኤዎቹ መካከል ልዩ ትኩረት የሚገባቸው ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተሠሩት ናቸው፤ አንገታቸው ውስጥ የሚስተካከል የብረት ዘንግ ተቀብሮባቸዋል። መለያው ከአንገቱ ጫፍ በላይ፣ መቃኛዎቹ መካከል ያለችው ትንሽ መክደኛ ናት። ዘንግ የሌላቸው የቀደሙት አንገታቸው ወፍራምና በመሐል ሾል ያለ ነው፤ ትልቅ እጅ ይወደዋል፣ ትንሽ እጅ ይደክመዋል። አንዴ ከጎበጠ ግን በመፍቻ አይመለስም።

አሮጌ ማንዶሊን ስትገዙ ከውበቱ በፊት ጎኑን እዩ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በገበታው ላይ በአግድም፣ ከብሪጁ ጀርባ አስቀምጡ፤ ገበታው መሐሉ ላይ ወደ ላይ መቆልመም አለበት። ብሪጁ ሥር ተሰምጦ ካያችሁት ስምንቱ ክሮች ለመቶ ዓመት ተጭነውት ተሸንፏል ማለት ነው። ክሮቹ አንድ ላይ የሚይዙት ውጥረት እንደ ውፍረታቸው 70 እና 80 ኪሎ ግድም መሆኑን አትርሱ። ጥቂት መስመጥ ብዙ አሮጌ ጊብሰን ላይ አለ፣ ከተረጋጋ ይኖራል። ከሥር ያለው አግድም ድጋፍ ከተላቀቀ ግን እየባሰ ይሄዳል። በጣት አንጓ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር አንኳኩ፤ አንድ ቦታ ላይ የላላ፣ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰጠ እዚያ ኮላው ለቋል። ስንጥቅ መኖሩ ብቻውን አያስፈራም፤ በሙያ ተዘግቶ ከውስጥ በትንንሽ እንጨት የተደገፈ ስንጥቅ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የሚያስፈራው በፈጣን ማጣበቂያ ተለቅልቆ የተደበቀው ነው።

ከዚያ የብሪጁን ከፍታ ተመልከቱ። የክሩ ከፍታ 12ኛው ፍሬት ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን እጅ አይደክምም። ክሩ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ብሪጁ ከዚህ በላይ ዝቅ ሊል የማይችል ከሆነ፣ የአንገቱ መጋጠሚያ አቅጣጫውን ስቷል። ያንን መፍታትና መልሶ መግጠም የባለሙያ ሥራ ነው፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ጎበዝ አናጢም ቢሆን የማንዶሊን አንገት ፈትቶ ካላወቀ አይሞክረው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በነፃ ቢሰጧችሁም ዋጋው ገና ነው።

አንድ የማይጠረጠር ጠላት አለ፦ የክር ማሠሪያው አጠገብ ወይም ክሮቹ ጎን ያለው አሮጌ የሴሉሎይድ ሰሌዳ። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ይበሰብሳል፤ የሚያወጣው ጋዝ ክርን አረንጓዴ ያደርጋል፣ ፍሬትንና መቃኛን ይበላል። ሰሌዳው ሲነካ የሚፈረፈር ወይም የሚሸት ከሆነ አውጥታችሁ ከሣጥኑ ውጭ፣ ከእሳት የራቀ ቦታ አኑሩት፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል። መቃኛዎቹንም አንድ በአንድ አዙሯቸው። የሚንሸራተት ጥርስ ካለ መተኪያ መግዛት ቀላል ይመስላል፤ ግን የዘንጎቹ መራራቅና የጥርሱ አቀማመጥ ከዛሬዎቹ ጋር ላይገጥም ይችላል። በገዛ እጅ ቀዳዳ ማስፋት የአሮጌ ጊብሰን ዋጋ የሚወድቅበት አጭሩ መንገድ ነው።

ኮሊንግስ የቴክሳስ ኦስቲን ሥራ ነው። ኤምቲ የጠብታ ቅርፁ መለያ ነው፣ ኦ ሞላላ ቀዳዳውን ይናገራል። ይህ መሣሪያ የሚመሰገነው በሥራ ንጽሕና ነው፦ ፍሬቶቹ እኩል ናቸው፣ ቦዮቹ በልክ ተቆርጠዋል፣ 1ኛው ፍሬት ላይ አምባሰል ከሣጥን እንደወጣ ይቆማል። ድምፁ ከአሮጌ ጊብሰን ይልቅ ንጹሕና ብሩህ ነው፤ ያ የጠቆረ፣ ጭስ የጠገበ የሚመስል የአሮጌ ኤ ታችኛ ድምፅ ግን የለውም። ለባቲ ብሩህነቱ ያምርበታል። ለትዝታ ግን፣ በእኛ ጆሮ፣ ትንሽ ብልጥ ይሆናል። ወፈር ያለና ጫፉ የተጠጋጋ ፒክ (የክር መምቻ)፣ 1.2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ያንን ልዩነት ግማሹን ይሸፍነዋል።

ኢስትማን ቻይና ይሠራል፤ ዋጋው ከኮሊንግስ ግማሽ በታች ነው። የሞዴል ቁጥሩን ማንበብ ካወቃችሁ ሻጭ አያሳስታችሁም፦ መጨረሻው 4 ከሆነ ሞላላ ቀዳዳ፣ 5 ከሆነ የኤፍ ቀዳዳ ነው። መሐሉ 0 ከሆነ የጠብታ ቅርፅ፣ 1 ከሆነ ባለ ጥምዝ። የፊተኛው ቁጥር ደረጃውን ያሳያል። ስለዚህ 504 እና 514 ድምፅ ላይ ወንድማማች ናቸው፤ ልዩነቱ ጥምዙ ነው። ገበታው ስፕሩስ፣ ጀርባው ሜፕል፣ ሁለቱም ከድፍን እንጨት የተፈለፈሉ ናቸው። በዚህ ዋጋ ሌላ ቦታ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የተነባበረ ጣውላ በሙቀት ተጭኖ የጎበጠ ነው፤ መልኩ ያው ሆኖ ድምፁ የሣጥን ነው። በሞላላው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ እዩ፦ የእንጨቱ መስመር ከላይ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሳይቋረጥ ከሄደ ድፍን ነው፤ እንደ ሳንድዊች ድርብርብ ከታየ ተዉት።

ኢስትማን የሚያስከፍለው ሌላ ነገር ማስተካከያ ነው። በዚህ የዋጋ ደረጃ ያለ ማንዶሊን ሁሉ ቦዮቹ ከፍ ተደርገው ሊመጣ ይችላል፤ የብሪጁ እግሮችም ገበታው ላይ ሙሉ በሙሉ ላያርፉ ይችላሉ። ይህ የእግሮቹ ጉድለት ድምፅን ይሰርቃል። ስስ ወረቀት ከብሪጁ እግር ሥር ለማስገባት ሞክሩ፤ የትም ማለፍ የለበትም። ካለፈ፣ ክሮቹን አላልታችሁ፣ የእንጨት ማለስለሻ ወረቀት ሻካራው ወደ ላይ ሆኖ ገበታው ላይ አንጥፋችሁ፣ እግሩን በቦታው ወደፊትና ወደኋላ ማሸት ነው። ቀስ በቀስ የገበታውን ጉብታ ይቀርጻል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ውጤቱ ግን የሚያስገርም ነው።

ወደ ፍርዱ ስንመጣ፦ በየሰርጉ ይዞ ለሚዞር ሰው ኤምዲ 504፣ ከተስተካከለ በኋላ፣ ይበቃል፤ ቢጎዳም አያስለቅስም። አቅሙ ካለና መሣሪያው በእጅ ተፈትሾ የሚገዛ ከሆነ፣ ዘንግ ያለው የ1920ዎቹ ኤ ለትዝታና ለአምባሰል አቻ የለውም። በፎቶ ብቻ ከሩቅ አገር የሚያስገዛ ሰው ግን ኮሊንግስ ይግዛ፤ አሮጌ ጊብሰንን ሳያዩ መግዛት በሬ ሳያዩ እንደመግዛት ነው፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል። አስገዥ ዘመድ ከላካችሁ ሦስት ነገር ይለካላችሁ፦ የአንገቱ ጫፍ ወርድ (28.6 ሚሊ ሜትር ጠባብ ነው፣ 30 ገደማ ለሰፊ ጣት ይመቻል)፣ 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ፣ እና ብሪጁ ስንት ሚሊ ሜትር ዝቅ ሊል እንደሚችል።

ክር። የማንዶሊን ክር ጫፉ ቀለበት ነው፤ የጊታር ክር ኳስ አለው። ደሴ ላይ የማንዶሊን ክር ስታጡ ሁለት ፓኬት ባለ 10 የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ግዙ (ቁጥሩ የክሩ ውፍረት በኢንች ሺሕኛ ነው)፤ ከየፓኬቱ 10ሩ ለሚ፣ 13ቱ ለላ፣ 26ቱ ለሬ፣ 36ቱ ለሶል ይሆናል። ኳሷን በፒንሳ ጎኗን ጨፍልቃችሁ ስበሩና አውጡ፣ ቀለበቱ ይቀራል፤ ዓይናችሁን ግን ጠብቁ። የኒኬል ክር ስለሆነ ድምፁ ከነሐሱ ትንሽ ይደበዝዛል። የአኮስቲክ ጊታሩን 12 ቁጥር ሚ ላይ አትስቀሉ፤ ለአሮጌ ገበታ ከባድ ነው። ትክክለኛ የማንዶሊን ክር ከተገኘ ለጊብሰኑ 10፣ 14፣ 24፣ 34፤ ለአዲሶቹ 11፣ 15፣ 26፣ 40 መሸከም አያቅታቸውም። ብሪጁ በኮላ አልተጣበቀም፤ የያዘው የክሩ ጫና ብቻ ነው። ስለዚህ ክሮቹን አንድ በአንድ ቀይሩ፣ ከዚያ በፊትም በእግሮቹ ዙሪያ በእርሳስ ስስ ምልክት አድርጉ።

የወሎ አየር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ባቲ ከእሷ ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ብላ ቆላ ናት። ክረምት ላይ ገበታው እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ክሩ ከፍ ይላል፣ እጅ ይደክማል። በበጋ ይደርቃል፣ ይወርዳል፣ ክሩ ዝዝ ይላል፣ የፍሬቶቹ ጫፍም ከአንገቱ ጎን ወጥቶ ጣት ይቧጭራል። ጫፉ ሲወጣ ሞረድ ከማንሳት በፊት እርጥበት ስጡት፤ ቀዳዳ የበዛበት የሳሙና ሣጥን ውስጥ እርጥብ (የማይንጠባጠብ) ስፖንጅ ማስቀመጥ ይበቃል። በርካሽ የሚገኝ የእርጥበት መለኪያ ከ45 እስከ 55 በመቶ ካሳየ ደህና ናችሁ። ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ የጭቃ ግድግዳ በነሐሴ ይረጥባል፤ ቡና የሚፈላበት ክፍል ደግሞ ከከሰሉ ሙቀትና ጭስ አያመልጥም። የቆመ መኪና ውስጥ፣ በተለይ ወደ ባቲ ሲወረድ፣ አሮጌው ኮላ ይለሰልሳል፤ የአንገት መጋጠሚያ እንዲህ ነው የሚከፈተው።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ ከሆነ ክሮቹ በአንድ ሙሉ ድምፅ ይርገቡ እንጂ ጨርሰው አይላሉ፤ ብሪጁ ይወድቃል። ሣጥኑ ጭን ላይ ይሁን፣ ጣሪያ ላይ አይጫን። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ የሚያርፍም ቢሆን ከሰውየው ጋር ይግባ። ደሴ ሲደርስ ወዲያው አይከፈት፤ በብርዱ ቫርኒሹ በድንገት ሊሰነጣጠቅ ስለሚችል ሣጥኑ እንደተዘጋ ቤት ውስጥ ይደር። ጠዋት ብሪጁ ከእርሳሱ ምልክት አለመንሸራተቱን አይታችሁ ቃኙት፤ የ12ኛውን ፍሬት ሃርሞኒክ (ክሩን ሳይጫኑ በስሱ ነክቶ ሲመታ የሚወጣውን ድምፅ) እና የተጫነውን ድምፅ አስተያዩ። የተጫነው ከሾለ ብሪጁን ወደ ክር ማሠሪያው፣ ከወረደ ወደ አንገቱ፣ በሚሊ ሜትር ክፋይ ግፉት። ከዚያ 1ኛውን ፍሬት እንደገና ስሙ።